የግም ውሃው ጠባቂ

ሬሳው የተገኘው በሦስተኛው ጉድጓድ ውስጥ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ውሃው ከአዋቂ ሰው ጭን አያልፍም። በእንዲህ ያለ ውሃ የሚሰምጥ ወይ ሕፃን ነው ወይ ሰካራም፤ ሟቹ የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነበር፣ ኮቱም አረቄ አረቄ ይሸታል። ከጅማ ፖሊስ ምርመራ ክፍል የተጠራው መቶ አለቃ ተክለጻድቅ ለመደምደም ከዚህ በላይ አላስፈለገውም።

እውነቱን ለመናገር ግን ያስቸኮለው ሽታው ነበር። ወሩ ኅዳር፣ ዓመቱ 1976 ነው፤ የቡና ለቀማው ጦፏል። ከየቡ ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ ያለው የኅብረት ሥራ ማኅበሩ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ያለ ዕረፍት ይፈለፍላል፤ ቀዩ ልጣጭ በአንድ በኩል ይከመራል፣ ቡናው የታጠበበት ውሃ በሌላ በኩል ይወርዳል። ያ ውሃ ሁለት ቀን ከተኛ ኮምጥጦ የሚያወጣው ሽታ ልብስ ላይ ተጣብቆ አይለቅም። መቶ አለቃው መሐረቡን አፍንጫው ላይ ደፍኖ፣ ሬሳው ከተዘረጋበት ስምንት እርምጃ ርቆ ቆመና «ኮቱ እንደተቆለፈ ነው፤ የድብድብ ምልክት የለም» አለ። ጸሐፊው ጻፈ። ኮቱን ማንም አልፈታውም።

«ሟች ኤርሲዶ፣ የፍሳሽ ጉድጓድ ሠራተኛ፣ ሰክሮ በራሱ ጥፋት ውሃ ገብቶ ሞተ።» ፊርማ፣ ማኅተም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያቺም ወረቀት ዘጠኝ ቀን ሙሉ የያዘችውን ሳትለቅ ቆየች።

ተክለጻድቅ ግን ሞኝ አልነበረም። ከጅማ መርካቶ የተሰረቀን ጣቃ ጨርቅ በአንዲት ብጣሽ ክር ተከትሎ ከሌባው ትራስ ውስጥ ያወጣ ሰው ነው። ጉራውም የዚያኑ ያህል ነበር። ሬሳው በተገኘበት ዋዜማ፣ ሰኞ ዕለት፣ እዚያው ጣቢያ አዳራሽ ተጋብዞ «የኢኮኖሚ አሻጥርን ነቅቶ ስለ መጠበቅ» ንግግር አድርጎ ነበር። ንግግሩ እስኪያልቅ ሰው እንዳይወጣ በሩን አስዘግቶ፣ ሦስት ሰዓት ያህል ተናግሮ ነው የጨረሰው። መሐል ላይ አንድ ገበሬ ለመውጣት እጁን ቢያወጣ «ሽንቱን መጠበቅ ያቃተው አብዮትን እንዴት ይጠብቃል?» ብሎ መልሶ አስቀምጦት፣ አዳራሹ በሳቅ ተናግቶ ነበር። ያቺን ቀልድ እስከ ጅማ ድረስ ለሾፌሩ ሲደግምለት ሄደ።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት፣ ጥቁር የለበሰች ሴት ጥቅል ይዛ ቢሮው በር ላይ ቆመች። ተስፋነሽ ትባላለች፤ የሟቹ ሚስት ናት። ከባሏ ጋር ከሆሳዕና በኩል ለሥራ መጥተው እዚያው ጣቢያው ቤት ነበር የሚኖሩት።

«ግቢ፣ እህቴ። ምን ልርዳሽ?»

«ባሌን ሰካራም ያሉበትን ወረቀት ሊያነቡልኝ ነው የመጣሁት። ሥራ አስኪያጁ አዳራሽ ውስጥ በሰው ፊት አንብቦታል። እኔ ደግሞ ከእርስዎ አፍ ልስማው ብዬ ነው።»

መቶ አለቃው ወረቀቱን ከመዝገቡ ውስጥ አወጣ፤ ማንበብ ግን አፈረ።

«እኛ አማኞች ነን» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጴንጤ የሚሉን። ኤርሲዶ መጠጥ ከተወ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ቤተ ጸሎታችን ከታሸገ ወዲህ በየቤቱ ተደብቀን ነው የምንጸልየው። ያ ወረቀት ከተነበበ በኋላ ወንድሞች ቀብሩ ላይ ራቅ ብለው ቆሙ። ‹ለካ በስውር ይጠጣ ነበር› አሉ። አንድ ሰው እንኳ ሳይጸልይለት አፈር ገባ። ልጆቼን ትምህርት ቤት የሰካራም ልጆች ይሏቸዋል። ጌታዬ፣ ቤቱን ልቀቂ ብለውኛል፤ እለቃለሁ። ስሙን ብቻ ይመልሱልኝ።»

ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። አንድ ኮትና አንድ ሸሚዝ ነበሩ። ኮቱ አሁንም አረቄ ይሸታል። ነጭ የነበረው ሸሚዝ ግን ከታች እስከ አንገትጌው በቡናማ እድፍ ተውጧል።

መቶ አለቃው የኮቱን ገበር ገለበጠ። ገበሩ ንጹሕ ነው። እንደገና ሸሚዙን አየ፣ እንደገና ኮቱን።

«በዚህ ላይ ነበር የለበሰው?»

«አዎ። ቁልፉ ሁሉ ተቆልፎ።»

«ኮቱን ሳይነካ ሸሚዙን ያበሰበሰ ውሃ» አለ ለራሱ ያህል።

«ሌላም አለ። ውሃው ራሱ ልክ አይደለም» አለች ተስፋነሽ። «ሰው ግም ውሃ ጠባቂ ይለው ነበር እንጂ ኤርሲዶ ሥራውን የሚያከብር ሰው ነበር። እኔንም አስተምሮኛል። ከማሽኑ የሚወርደው ውሃ እንዲህ ቡናማ ነው። መጀመሪያ ክዳን ያለው ጥልቅ ጉድጓድ ይገባል። ከዚያ ወደ አንደኛው ይሄዳል፤ ዝቃጩ እዚያ ይቀራል። ሁለተኛው ላይ ኖራ ይበትንበታል፤ ኖራ ሲነካው ውሃው እንደ ጎመን ቅቅል ይጠቁራል። ሦስተኛው ዙሪያውን ሣር ተክሎበታል፤ እዚያ ጠርቶ ነው ወደ ጅረቱ የሚለቀው። በሦስተኛው ውሃ እኮ ፊቱን ይታጠብበት ነበር! እዚያ የሞተ ሰው ይህን ቀለም ከየት አመጣው?»

«ቡናማው ውሃ አንገት ድረስ የሚደርሰው የት ነው?»

«ክዳን ባለው ብቻ። አንደኛው በዝቃጭ ተሞልቷል፤ ከጉልበት አያልፍም።» ከዚያ ሁለቱን እጆቿን በብብቷ ሥር አዞረች። «ሬሳውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። እዚህ ዙሪያውን የገመድ ሰንበር ነበረበት። የጠየቀኝ ግን የለም።»

ይህን ስትል ወደ እሱ አላየችም። ተክለጻድቅ ያቺን ስምንት እርምጃ አሰበ።

«ክዳን ባለው ጉድጓድ ሲወርድ በገመድ ይታሰር ነበር?»

«ታች መጥፎ አየር አለ፤ ሰው ሳያውቀው ያደክማል። ስለዚህ ኤርሲዶ ታች ሆኖ ይዘምራል፤ ገመድ የያዘው ሰው ላይ ሆኖ ይሰማል። ዝማሬው ከተቋረጠ ቶሎ መሳብ ነው። ‹እዚህ ስዘምር የሚያስረኝ የለም፣ ሽታውን ፈርቶ ማንም አይመጣም› እያለ ይስቅ ነበር።»

«ገመዱን ማን ነበር የሚይዝለት?»

«ረዳት ቢለምን ሥራ አስኪያጁ ከለከለው። ጥቅምት ላይ ግን ‹ሰው አገኘሁ› አለኝ። ስሙን ደበቀኝ። ‹ስሙ ከታወቀ እሱንም ያስሩታል› አለኝ።»

መቶ አለቃው በዚያው ጠዋት መኪና አስነሳ። መሐረቡን መሳቢያ ውስጥ ትቶት ሄደ።

የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ፈይሳ ዳባ ከቢሮው እየሮጠ ወጣ። የውይይት ክበቡ ሰብሳቢም እሱው ነው፤ ደረቱ ላይ የሰካትን ዓርማ በአውራ ጣቱ የመወልወል ልማድ ነበረው።

«ጓድ መቶ አለቃ! ያ ነገር ተዘግቶ የለም እንዴ?»

«ተከፍቷል። ሰኞ ኤርሲዶ ስብሰባ ለምን አልመጣም?»

«እሱ ከስብሰባ ነፃ ነው። ኧረ ማሎ፣ ያንን ሽታ ይዞ ሕዝብ መሐል ይቀመጥ? እኔው ነኝ አትምጣ ያልኩት።»

«ሰኞ ዕለት ክዳን ያለው ጉድጓድ ውስጥ ሥራ ነበር?»

«ምንም የታዘዘ ሥራ የለም። እዚያ ጉድጓድ ማን ይደርሳል!»

«የሚጠላው ሰውስ?»

ፈይሳ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የነበረ ይመስል ነበር። «ሙሐመድሳኒ ነዋ! ታች ጅረቱ ዳር ያለ ገበሬ። መስከረም ላይ ላሙ ሞተችበትና መጥቶ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ‹በገዛ ግም ውሃህ ነው የምደፍቅህ› አለው። ግን ፍትሕ ፍትሕ ነው፤ ሰኞ እሱም እዚህ አዳራሽ ነበር። ሁላችንም ነበርን። እርስዎ ራስዎ ምስክር ነዎት።»

መቶ አለቃው በዚህ መልስ አልተደሰተም። ፖሊስ ከሆነ ጀምሮ የስንቱን ሰው ምስክር መርምሯል፤ የገዛ ንግግሩ ምስክር ሆኖ ሲመጣበት ግን የመጀመሪያው ነበር።

ማሽነኛውን እሱባለውን ከመፈልፈያው አጠገብ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ አገኘው። ሬሳውን መጀመሪያ ያየው እሱ ነበር። የጠጪ ዓይን አለው፤ እንዳይታይበት አንገቱን ደፍቶ ይናገራል።

«ሰኞ ኤርሲዶን መቼ ነው በሕይወት ያየኸው?»

«አላየሁትም፣ ሰማሁት እንጂ። ስምንት ሰዓት ላይ ማሽኑን አጥፍቼ ወደ አዳራሽ ስሄድ ይዘምር ነበር። ከመሬት ውስጥ ነው ድምፁ የሚመጣው። አሥራ አንድ ሰዓት ከስብሰባ ስንወጣ ጸጥ ብሏል።»

«አረቄውስ?»

እሱባለው ጨርቁን በእጁ አጣመመ። «የእኔ ነው። ማሽን ክፍሉ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ነበረኝ፤ ማክሰኞ ባዶውን አገኘሁት። የክፍሉ ቁልፍ እኔና ጓድ ፈይሳ ዘንድ ነው ያለው።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ኤርሲዶ ሁልጊዜ ይመክረኝ ነበር፣ ተው ይለኝ ነበር። ጠርሙሱን ባዶ ሳገኘው… እንዴት ብዬ ልንገርዎ… እሱም እንደኔ ነው ለካ ብዬ ደስ አለኝ። ሰው በሞተ በማግሥቱ ደስ አለኝ።» ማሽነኛው ፊቱን ወደ ማሽኑ አዞረ።

ክዳን ያለው ጉድጓድ ከመፈልፈያው በስተጀርባ፣ በሣንቃ ተሸፍኖ ነበር። ሣንቃው አሮጌ ነው፤ ምስማሮቹ ግን አዲስ ናቸው፣ ገና ዝገት አልነካቸውም። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰው ሲጠየቅ ምስማሩን ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ፈርሞ እንደወሰደ ተናገረ። ሣንቃውን አስነቅሎ የተለኮሰ ፋኖስ በገመድ ቢያወርድ፣ ሁለት ክንድ ሳይወርድ ፋኖሱ ጠፋ። ውሃውን አስቀድተው ሲያጎድሉት ግድግዳው ላይ ሁለት የቱቦ አፍ ታየ። አንደኛው ወደ ጉድጓዶቹ የሚሄደው ነው። ሁለተኛው ከሥሩ ያለ ሲሆን፣ በሸክላ አፈር የተሞላ ጆንያ እስከ ግማሹ ተወትፎበታል።

«ይሄኛው የት ነው የሚወጣው?»

እሱባለው ዙሪያውን አየ። «ቀጥታ ጅረቱ ውስጥ። የዘንድሮ ኮታ ሲጨመር ጉድጓዶቹ አልችል አሉ። ኤርሲዶ አራተኛ ጉድጓድ እንቆፍር አለ፤ ጓድ ፈይሳ ማሽን ቆሞ ጉድጓድ አይቆፈርም ብሎ ይህን ቱቦ አስቀበረ። ‹ኮከብ ጣቢያ› የተባልነው በዚህ ነው።»

ከጉድጓዱ አፍ ሦስት እርምጃ ርቆ አንድ ግንድ ተተክሏል። ግንዱ ላይ የተቆረጠ ገመድ ቋጠሮ ቀርቷል፤ ክብደት ጎትቶት እንጨቱን እስኪበላ ጠብቋል። ቋጠሮውን ለቆረጠው ሰው መፍታቱ አስቸግሮት ይሆናል። መቶ አለቃው ለረጅም ጊዜ አየው፣ እሱም ሳይፈታው ተወው።

ሙሐመድሳኒ ከጅረቱ ዳር ካለው ማሳው እሸት ቡና በበቅሎ ጭኖ ሲመጣ ተገናኙ። ሃምሳ አምስት ዓመት የሞላው፣ ጺሙ የሸበተ ሰው ነው። መቶ አለቃውን ሲያይ ቆመ፤ በቅሎዋን አጥሩ ላይ አሰረ። ተክለጻድቅ የሰውየውን ጣቶች እንጂ ፊቱን አላየም። ገመዱ ሁለቴ ዞረ፣ ከሥር ገባ፣ ተመልሶ ራሱን ነከሰ። የጭነት ቋጠሮ ነበር፤ ከግንዱ ላይ ያለውም ይኸው ነው።

«ኤርሲዶን እደፍቅሃለሁ ብለህ ዝተህበታል?»

«ኤዬ፣ ብያለሁ። ላሜ ሞታ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ… ሂን ቤኩ። አላውቅም። ወላሂ፣ እጄ አልገደለውም።» «እጄ» ሲል እጆቹን አየ፣ ከጋቢው ሥርም ከተታቸው።

መቶ አለቃው ሌላ አልጠየቀውም። ወደ ማሳው ተሻግሮ ተመለከተ። ማሳው ውስጥ ባለው ምንጭ ዙሪያ ሣር በረድፍ በረድፍ ተተክሏል፤ ሦስተኛው ጉድጓድ ዙሪያ ያለው ዓይነት፣ ሥሩ ጥልቅ የሆነ ረጅም ሣር ነው። የቡና ችግኞቹ ሥር ደግሞ የበሰበሰ የቡና ልጣጭ ከአፈር ጋር ተቀይጦ ተደርጓል። ይህን ሣርና ይህን ፍግ በዚያ አገር የሚያውቅበት አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሰው ለጠላቱ ሣር አይተክልም።

ወደ ማታ የሰኞውን የስብሰባ መዝገብ አስመጣ። ዘጠና ሁለት ስም አለ። ከኤርሲዶ ስም ፊት «ነፃ» ይላል። ከሙሐመድሳኒ ስም ፊት መጀመሪያ «ቀሪ» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ተሰርዞ «ዘግይቶ ተገኘ» ተብሏል።

ተክለጻድቅ መዝገቡን ዘጋና እጁን ላዩ ላይ አሳረፈ። ሾፌሩ «እንሂድ ጌታዬ?» ሲለው አልሰማም። አንድ እጅ ትዝ ብሎት ነበር፤ ከአዳራሹ ኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ወደ ላይ የተዘረጋ የሸበተ ሰው እጅ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። ሰኞ ዕለት የነበሩት ሁሉ እንዲመጡ መቶ አለቃው አዝዞ ነበር። ተስፋነሽ ከፊት ተቀምጣለች። ፈይሳ በለመደበት በሰብሳቢው ወንበር ሊቀመጥ ሲል መቶ አለቃው ከሕዝቡ ጋር እንዲቀመጥ በእጁ አመለከተው። አንዱ ተነስቶ በሩን ሊዘጋ ሄደ።

«ክፍት ይሁን» አለ ተክለጻድቅ። «መውጣት የፈለገ ይውጣ።»

ሽታው ገባ። ማንም አፍንጫውን አልያዘም፤ እሱም አልያዘም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። እኔ ግን ከሥሩ አልተነሳሁም፤ ስለዚህ እንደገና ልጀምር። ኤርሲዶ በሦስተኛው ጉድጓድ አልሞተም። ሸሚዙ የያዘው ቀለም ኖራ ያልነካው ውሃ ቀለም ነው፤ ያ ውሃ አንገት የሚደርሰው ክዳን ባለው ጉድጓድ ብቻ ነው። ኮቱ ግን ንጹሕ ነው። ስለዚህ ሲወርድ ኮቱን አውልቆ ነበር፤ ከሞተ በኋላ ሌላ ሰው አልብሶ ቆልፎለታል። ቀጥሎ አረቄ አፈሰሰበት። የሞተ ሰው አይጠጣም።»

ተስፋነሽ ዓይኖቿን ጨፈነች። ከሕዝቡ መሐል ጉርምርምታ ተነሳ።

«ለምን ወረደ? ከሥር የተቀበረ ቱቦ አለ፤ ግሙን ውሃ በቀጥታ ወደ ጅረቱ የሚለቅ። እናንተ ታች ያላችሁት ላሞቻችሁ ለምን እንደሞቱ አሁን እወቁ። ኤርሲዶ ይህን ቱቦ ሊደፍን ወረደ። ሰኞን የመረጠው ጓድ ፈይሳ አዳራሽ ስለሚሆን ነው፤ እሱ ራሱ ደግሞ ይሸታል ተብሎ ከአዳራሹ ስለተባረረ ነው።»

«ይሄ አሻጥር ነው!» አለ ፈይሳ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ። «ቱቦውን መድፈን ምርት ማደናቀፍ ነው!»

«ቱቦ መኖሩን ስላመንክልን እናመሰግናለን። ትናንት ‹እዚያ ጉድጓድ ማን ይደርሳል› ብለኸኝ ነበር። ሣንቃውን በአዲስ ምስማር የመታኸው፣ የእሱባለውን ጠርሙስ ከተቆለፈ ክፍል ያወጣኸው፣ ኮቱን የቆለፍከው አንተ ነህ። ሬሳው ክዳን ባለው ጉድጓድ ቢገኝ ቱቦህም ይገኝ ነበር። ግን አንተ አልገደልከውም።»

የፈይሳ አውራ ጣት ዓርማውን ፈለገች።

«በብብቱ ሥር የገመድ ሰንበር አለ። የገመዱ ጫፍ ግንድ ላይ ታስሯል። ኤርሲዶ ብቻውን እንዳይወርድ ደንብ ያለው ሰው ነበር፤ ስለዚህ ላይ ሆኖ የሚሰማ ሰው ነበረው። ያ ሰው ገመዱን አስሮ ሄደ። እኔ ገዳዩን ስፈልግ አዳራሽ ያልነበረ ሰው ነበር የምፈልገው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነብኝ። መፈለግ የነበረብኝ አዳራሽ መሆን ያልነበረበትን፣ ግን የነበረውን ሰው ነው።» ወደ ኋላ ተመለከተ። «አባቴ ሙሐመድሳኒ፣ እርስዎ ቢነግሩን ይሻላል።»

ሽማግሌው ተነሳ። ትናንት አንተ የተባለ ሰው ዛሬ እርስዎ ሲባል ይበልጥ የተጨነቀ ይመስል ነበር።

«መስከረም ላይ ሰደብኩት» አለ። «እሱ ግን ቤቴ መጣ። ላምህን የገደላት ውሃው ነው፣ ይቅር በለኝ አለ። ሣሩን በእጁ ተከለልኝ። ጓደኛ ሆንን፣ ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ ሆነ። ሰኞ ገመዱን ይዤለት ሳለ ያ የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ‹ሙሐመድሳኒ! ቀሪ ነህ!› ብሎ ጮኸ። ስም ሁለቴ ተጠርቶ የቀረ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ‹ስሜን አስመዝግቤ ልምጣ› አልኩት። ‹ሂድ፣ አትዘግይ፤ እየዘመርኩ እጠብቅሃለሁ› አለኝ። አስሬው መጣሁ። ስገባ በሩ ተዘጋ።»

«ከዚያስ?» አለች ተስፋነሽ።

«ከበሩ አጠገብ ካለው መስኮት ሥር ነበርኩ። ጌታው ሲናገር ምንም አይሰማም። ውሃ ሊጠጣ ዝም ሲል ግን ዝማሬው ይሰማኝ ነበር፤ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። ሁለተኛ ጊዜ ውሃ ሲጠጣ ጸጥ ብሏል። እጄን አወጣሁ።»

ፊት የተቀመጡት ወደ ኋላ ዞሩ።

«ተሳቀብኝ» አለ ሙሐመድሳኒ። «መጮኽ ነበረብኝ፤ ሰው ታች አለ ማለት ነበረብኝ። ሥራ አስኪያጁ ፊት ለፊት ተቀምጧል፣ አሻጥረኛ እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። ደግሞም አፈርኩ። በዚህ ዕድሜዬ በሽንት ተሳቀብኝ። አፍሬ ተቀመጥኩ። ያ ረቢ፣ ወንድሜ እየሞተ እኔ አፍሬ ተቀመጥኩ! ስንወጣ ሮጬ ሳብኩት፤ አልቋል። ጓድ ፈይሳ ተከትሎኝ መጣ። ‹ገመዱን የለቀቅከው አንተ ነህ፣ ከተናገርክ ትሰቀላለህ› አለኝ። ሲጨልም ተሸክመን ሦስተኛው ጉድጓድ አኖርነው። አረቄውን እኔ ከሄድኩ በኋላ ነው ያፈሰሰው። ሲነበብ ሰምቼ ግን ዝም አልኩ። እሰሩኝ።»

ተስፋነሽ ወደ እሱ ዞረች። ፊቷ ላይ ቁጣ ነበረ፣ ግን ብቻውን አልነበረም። «የትኛውን ነበር የሚዘምረው?» አለችው።

«ቃሉን አላውቀውም። በአገራችሁ ቋንቋ ነው።» ጥቂት አመነታና ዜማውን በአፍንጫው አንጎራጎረ። ሦስት መስመር ያህል ሄዶ አቆመ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማውም ነበርና።

እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እሱባለው ኋላ ሆኖ ያለቅስ ነበር።

ፈይሳን ሁለት ፖሊሶች መሐል አድርገው አወጡት። ሲያልፍ ማንም አላየውም፤ ሁሉም መሬት መሬት ያይ ነበር። ሰኞ ዕለት የሳቁት እነሱ ናቸው።

መቶ አለቃው ከኪሱ አዲስ ወረቀት አወጣ። ጸሐፊው ሳይሆን ራሱ ነበር የጻፈው፤ ጮክ ብሎ አነበበ።

«ሟች ኤርሲዶ መጠጥ አልቀመሰም። ሰውና ከብት የሚጠጣው ጅረት እንዳይበከል የተደበቀውን ቱቦ ሲደፍን፣ ገመዱን የሚስብ ሰው በማጣቱ በመጥፎ አየር ታፍኖ ሞተ። ቀድሞ የተጻፈው ውሸት ነው፤ ተሰርዟል።» ወረቀቱን ሊያጥፍ ጀመረ።

«ወረቀቱ አላለቀም» አለች ተስፋነሽ። «ማንበብ አልችልም እንጂ መስመር አያለሁ። ከታች ሌላ አለ።»

ወረቀቱን መልሶ ዘረጋው። ከታች በእርግጥ ሌላ ነበረ፤ ለብቻው ሆኖ ሲጽፈው ይነበባል ብሎ ያሰበውን፣ ሰው ፊት ሲቆም ግን ሊዘለው የፈለገውን ነው።

«ገመድ ያዡ ለመውጣት እጁን አንስቶ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «በሩን ያስዘጋው፣ በሰው ፊት አሳፍሮም መልሶ ያስቀመጠው፣ ከዚህ በታች የፈረመው ነው።»

ይቅርታ የሚል ቃል ሊጨምር ፈለገ፤ ከማን እንደሚጀምር ግን አላወቀም።

ተስፋነሽ ተነስታ ከጠረጴዛው ላይ ያለውን ድምፅ ማጉያ ወደ እሱ አስጠጋችው።

«ወንድሞች እዚህ አይገቡም፣ ይፈራሉ። ቤታቸው ሆነው ግን ይህ ነገር ሲጮኽ ይሰማሉ። ታች ጅረቱ ዳር ያሉትም ይሰማሉ። ልጆቼም ትምህርት ቤት ናቸው። በዚህ ያንብቡልኝ፤ ከመጀመሪያው ጀምረው።»

ተክለጻድቅ ማጉያውን ከፈተ። የኤርሲዶ ስም ከአዳራሹ ወጥቶ በጉድጓዶቹ ላይ አልፎ ወደ ታች ወረደ። የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ የራሱን ስም ከነማዕረጉ አነበበ።